አምስተኛዋ ቡችላ

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላሉ። የቸገራት ደግሞ እርጉዝ ውሻ ትቀልባለች። ይችን ሁለተኛዋን የጨመርኩባት እኔ ነኝ፤ ሲፈጥረኝ አፌ አያርፍም። ያኔ፣ በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ ግን ለቀልድ የሚሆን አፍ አልነበረኝም። ስምንተኛ ወሬን ይዤ ነበር፤ ወሩ በገፋ ቁጥር ደስታ ሳይሆን ፍርሃት ነበር የሚጨምርብኝ።

ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አርግዣለሁ። የመጀመሪያው በአራት ወሩ ወረደ። ሁለተኛዋ ሴት ነበረች፤ ደህና ሆና ተወልዳ በማግስቱ የዐይኗ ነጩ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ገላዋ ቢጫ ሆነ፣ በአራተኛው ቀን ሞተች። ሦስተኛው ወንድ ነው፤ እሱ እንደዚያው ቢጫ ሆኖ ሦስት ቀን እንኳ አልሞላም። አገሩ ለዚህ ነገር ስም አለው፤ ሾተላይ ይለዋል። ሾተላይ ያለባት ሴት ትወልዳለች እንጂ አታሳድግም፤ ሾተላዩ ልጆቿን እየቆጠረ ይበላባታል። የወላድ መካን የሚሉት እኔን ነው።

መንደራችን ጎሽ ውኃ ይባላል፤ ከአንኮበር ወደ ቆላው ቁልቁል ስትይዝ፣ ጭጋጉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ባሌ ወልደአረጋይ የጎሽ ውኃ አቦ ቄስ ነበር። በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን አንተ። ቄስ ደግሞ አንድ ሚስት ነው፤ እኔን ፈትቶ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል። ስለዚህ እኔን ይዞ ያለ ልጅ መቅረት ወይም እኔን ጥሎ ያለ መቅደስ መቅረት ነበር ምርጫው። እሱ አንድም ቀን በዚህ አልተናገረኝም። እናቱ ግን በእሱም በራሳቸውም ፈንታ ይናገሩ ነበር።

አማቴ ወይዘሮ አስካለማርያም ቤታቸው ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። በራቸውን ሲከፍቱ የሚያዩት የእኔን በር ነው፤ ሳይከፍቱም የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር። ክፉ ሴት ነበሩ ብል እዋሻለሁ። አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው፣ የልጅ ልጅ ያማራቸው ሴትዮ ነበሩ፤ ያ አምሮት ነው እንደዚያ ያደረጋቸው። ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን ወልደአረጋይ ለተስካር ራቅ ወዳለ አገር ሲሄድ ጠብቀው፣ እጄን ይዘው ወደ ደብተራ ዘርአ ዳዊት ወሰዱኝ።

«ቄሱ እንዳይሰማ» አሉኝ በመንገድ ላይ። «ጥንቆላ ነው ይልሻል። ሁለት ልጅ ቀብሮም ይኸንኑ ነው የሚል።»

የኔታ ዘርአ ዳዊት ቀጭን፣ ዐይናቸው የሚያለቅስ ሽማግሌ ናቸው። ሆዴን አዩ፣ መጽሐፍ ገለጡ፣ ዘጉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ነፍሰ ጡር ውሻ ፈልጊ። የተገዛች አትሁን፤ የተሰረቀችም አትሁን፤ ራሷ ተከትላሽ ትምጣ። ቤትሽ ውስጥ ከእግርሽ ሥር አሳድሪያት። አንቺ ከመቅመስሽ በፊት በቀኝ እጅሽ አጉርሻት። ያን ጊዜ የትኛው ሆድ ያንቺ፣ የትኛው የሷ እንደሆነ ሾተላዩ ይጠፋዋል።»

«ስትወልድስ፣ የኔታ?»

«ቡችሎቹን ዐይናቸውን ሳይገልጡ በገዛ እጅሽ ወደ ቆላ ለሚወርድ ውኃ ትሰጫቸዋለሽ። አንድም እንዳይቀር። ሾተላይ ቆጥሮ ነው የሚሄደው፤ አንድ ከቀረ የጎደለውን ካንቺ ይሞላል። ደግሞም ስም እንዳታወጭላት። ስም ያለው ነገር ያሳሳል።»

ይኸን ዛሬ ስሰማው ጅልነት ነው። ያኔ ግን ሁለት ልጅ በእጄ ላይ ቢጫ ሆነው ሞተውብኛል፤ አመድ ብዪ ቢሉኝም እበላ ነበር።

ውሻዋን ያገኘኋት በቅዳሜ ገበያ ነው። አልዩ አምባ የሚኖር ረሺድ የሚባል ነጋዴ በርበሬና ጨው በአህያ ጭኖ ወደ አንኮበር ይወጣል። ሁልጊዜ ከእሱ ነው የምገዛ። የዚያን ዕለት ከአህዮቹ ኋላ አንዲት ቀይ ውሻ ተኝታለች፤ የጎን አጥንቷ ይቆጠራል፣ ሆዷ ግን ወርዷል።

«ረሺድ፣ ይቺ ውሻ ያንተ ናት?»

«ኧረ አዑዙ ቢላህ! ከታች ከወንዙ ጀምራ አህዮቹን ተከትላ ነው የወጣችው። ብመልሳት ብመልሳት እምቢ አለችኝ።»

«ልውሰዳት?»

«ይውሰዷት እንጂ እትዬ፤ ከተከተለችዎ። የውሻ ዋጋ ሐራም ነው፤ ልክፈል ቢሉኝም አልቀበልም። እኔማ ልብሴን የነካችኝ እንደሆነ ሰባት ጊዜ ልታጠብ ነው።»

ለመንገድ የያዝኩትን ቂጣ ቆርሼ በቀኝ እጄ ዘረጋሁላት። አልነጠቀችኝም፤ ቀስ ብላ በከንፈሯ ጫፍ ወሰደችው። ከዚያ ተከተለችኝ። ቁልቁለቱን ሁለት እርጉዞች ሆነን ወረድን፤ እኔ ለማረፍ ስቆም እሷም ትቀመጣለች፣ ስነሣ ትነሣለች። መንገደኛው ሁሉ ሳቀብን። እኔም ሳቅሁ፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ።

ወልደአረጋይ ከተስካሩ ሲመለስ ውሻዋ ከመደባችን ግርጌ ተጋድማለች።

«ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» አለኝ።

«ነብር በጎቹን ለምዷል እያሉ ነው። ትጠብቅ።»

«ራሷን መጠበቅ ያልቻለች!» አለና ሆዷን አየ። ቀጥሎ የእኔን ሆድ አየ፤ ፊቱ ለዘብ አለ። «እንግዲህ ትደር። ግን የምቀድስበትን ልብስ ከሷ አርቂልኝ፤ ውሻ የነካው መቅደስ አይገባም።» ለምን እንዳመጣኋት የገባው ይመስለኛል። የገባው ሰው ሁሉ አይናገርም።

የመጀመሪያው ሳምንት አስጸየፈችኝ። ምላሷ እጄን ሲነካኝ በአመድ እፈትግ ነበር። ግን አንድን ፍጥረት በቀን ሦስት ጊዜ በእጅህ እያጎረስክ እንዴት ትጸየፈዋለህ? የገብስ አጥሚት ስጠጣ የመጀመሪያውን በእጄ ጉድጓድ ቀድቼ አስልሳታለሁ። ባቄላ ስፈጭ ለእሷ እለያለሁ። የጎን አጥንቷ ቀስ በቀስ ተሸፈነ፤ ፀጉሯ እንደ በሰለ ገብስ ወዛ። ዝናቡ ሲበረታ ጀርባዋን ለእግሬ ትሰጠኛለች፤ ያበጠ እግሬ በሷ ሙቀት ይፈታልኝ ነበር። መዳፌን ከሆዷ ሳኖር ቡችሎቹ ሲላወሱ ይሰማኛል። የእኔውም ያኔ ይራገጣል። በሁለት ወገን የሚንቀሳቀስ ሕይወት በሁለት እጄ ይዤ እቀመጥ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለሰው የማልናገረውን ለእሷ እናገራለሁ። ስለሞተችው ልጄ ጥፍር፣ ስለ አማቴ ዐይን፣ ስለ ፍርሃቴ። አንድ ቀን ባቄላ እየለቀምኩ «እስቲ ጓዴ፣ እንዲያው ይኼኛው የሚያድግ ይመስልሻል?» አልኳት። ካልኩ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ስም አወጣሁላት። ጓዴ ብዬ ጠራኋት፤ እሷም ጆሮዋን አቁማ አየችኝ።

ጓዴ የወለደችው መስከረም ዐሥራ አራት ቀን፣ ደመራ ሊደመር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ጠዋት ምግብ እምቢ አለችና ጓዳ ገብታ መሬቱን ትጭር ጀመር። አሮጌ ባና አነጠፍኩላት። አጠገቧ ተቀምጬ ወገቧን አሸሁላት። ምጡ ሲበረታባት የእጄን አንጓ በጥርሷ ያዘች፤ አልነከሰችኝም፣ ያዘችኝ ብቻ። ሴት ስታምጥ እንደሚባለው «ማርያም፣ ማርያም» ልል ቃጣኝና አፌን ያዝኩ። ቀትር ላይ አራት ቡችሎች ነበሩ፤ ሦስት ቀይ፣ አንድ ጥቁር። አለቀ ብዬ ውኃ ላመጣላት ወጣሁ። ስመለስ ልጆቿን አቅፋ ተኝታለች። አራት።

አማቴ በበሩ ብቅ አሉ።

«ወለደች?»

«አራት።»

«በይ ነገ ከነገ ወዲያ እንዳትይ። ያንቺም ቀን ደርሷል።»

በማግስቱ ወልደአረጋይ ቅዳሴ ላይ እያለ ጓዴን በቂጣ አታልዬ አስወጣኋትና አማቴ ቤት ቆለፍኩባት። ቡችሎቹን በአቁማዳ አድርጌ ወደ ወንዝ ወረድኩ። አቁማዳውን የያዝኩት ከሆዴ ላይ ነው፤ ሙቀታቸው በቆዳው አልፎ ሆዴን ይሞቀኝ ነበር። ውኃው ገና የክረምት ጉልበቱን አልጨረሰም። አንድ በአንድ ነው የተባልኩት፤ አንድ በአንድ ሰጠሁ። ጥቁሩ ጣቴን ለመጥባት ያዘው፤ ማላቀቅ ነበረብኝ። «ለልጄ ነው፣ ለልጄ ነው» እያልኩ ጮክ ብዬ እናገር ነበር፤ ለማን እንደምናገር አላውቅም።

ስመለስ ከፈትኩላት። ሮጣ ጓዳ ገባች፣ ወጣች፣ ደግማ ገባች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ እጄን ከጣቴ እስከ ክርኔ አሸተተች፤ ስታሸትት ብዙ ቆየች። ምሳ ሲደርስ እንደ ደንቡ አስቀድሜ ላጎርሳት ይገባ ነበርና ጉርሻውን ዘረጋሁ። እምቢ ብትለኝ፣ ብትነክሰኝ በወደድኩ። በላችው። ከዚያው እጅ በላችው።

እኔ የወለድኩት የመስቀል ማግስት ነው። ወንድ ነበር። ሴቶቹ እልልታውን ሰባት ጊዜ አሉት። አማቴ እልል ሲሉ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። አራስ ቤት ቄስ አይገባምና ወልደአረጋይ ከደጅ ቆሞ «ደህና ነው?» አለኝ። «ደህና ነው፤ አንተን ይመስላል» አልኩት። ሰው ፊት አንተ ማለቴን ያስተዋለ የለም። ልጁ ጡት ያዘ። ትልቅ ነበር፤ ጠንካራ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ወደ ብርሃን አዙሬ ዐይኑን አየሁት። ለማንም አልተናገርኩም። በሦስተኛው ቀን መደበቅ አልተቻለም። አማቴ ልጁን ገልጠው አዩት፣ መልሰው ሸፈኑት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሲመለሱ ከየኔታ ዘንድ እንደሄዱ ገባኝ።

«አንድ ቀርቷል ብለዋል» አሉኝ። «አልሞላም ብለዋል። ቡችላው ዐይኑን ሳይገልጥ ከተገኘ ይህ ልጅ ይድናል።»

«አራት ነበሩ እማማ። አራቱንም…»

«ቀርቷል ብለዋል!»

ዘንግ ይዘው ቤቱን ማሰስ ጀመሩ። ከመደቡ ግርጌ፣ ከማጀት፣ ከእንጨት ክምሩ። ዘንጉን ወደ ጎተራው ሥር ሲሰዱት ጓዴ ከጨለማው ውስጥ አጉረመረመች። እንደዚያ ስታጉረመርም ሰምቼ አላውቅም። አማቴ ወደ ኋላ አሉ። «አለ! ከዚያ ነው ያለው! ሰው ልጥራ፣ እንዳትነሺ» ብለው ወጡ።

በዚያች ቅጽበት ነው ጓዴ ከጎተራው ሥር የወጣችው፤ በቀን ብርሃን፣ በአፏ አንዲት ቀይ ቡችላ አንጠልጥላ። ውኃ ልቀዳ ስወጣ የወለደቻት፣ ከእኔም ከሾተላዩም የደበቀቻት አምስተኛዋ ነበረች። በበሩ ትወጣለች ብዬ ነበር። አልወጣችም። ወደ መደቤ መጣች። ልጄ በግራ ጎኔ ነው፤ እሷ ቡችላዋን በቀኝ ጎኔ አስቀመጠችልኝ፣ አንድ ጊዜ ላሰቻት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳ ተቀምጣ አየችኝ። እጄን አሽትታ ነበር እኮ። ምን እንዳደረግሁ የምታውቅ ይመስለኝ ነበር። ዘንጉ ሲመጣባት ከሰው ሁሉ መርጣ ለእኔ አምጥታ ሰጠችኝ።

ቡችላዋን አነሣኋት። ዐይኗ እንደተዘጋ ነው። ልጄን አየሁት፤ የእሱም ዐይን ተዘግቷል፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ቢጫ ነው። ወንዝ መውረድ አይጠበቅብኝም፤ ለአማቴ እጄን መዘርጋት ብቻ ነበር።

የእግር ኮቴ ሰማሁ። ቡችላዋን ከጋቢው ሥር ከጎኔ ከተትኳት። አማቴ አንድ ጎረቤት አስከትለው ገቡ፤ የጎተራውን ሥር በዘንግ አመሱት። አሁን የሚያጉረመርም የለም።

«አይተሻል?» አሉኝ።

«የለም። አራት ነበሩ፤ አራቱም ሄደዋል።»

«ማዪ።»

ቡችላዋ ከጎድኔ ላይ ጡት ትፈልጋለች፤ አፏ እርጥብ ነው።

«በአቦ ማዪ!»

«በአቦ» አልኩ።

የባሌ ታቦት ነው። በሚያገለግልበት ታቦት በሐሰት ማልኩ፤ ልጄ በግራዬ እየሞተ። አራቱን እችል ነበር፤ ቻልኩም። ያቺን ግን አምጥታ ሰጠችኝ።

ልጄ የሞተው በአምስተኛው ቀን ነው። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ወልደአረጋይ ደንቡን ጥሶ ገባ፤ በቅል ውኃ ይዞ። አጠመቀው፤ ኃይለ ገብርኤል አለው። ስሙን ይዞ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። ወልደአረጋይ አራስ ቤት በመግባቱ ንስሓ ገባ፤ ለእኔ ሲል እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን በሐሰት ስለማልኩት መሐላ ትንፍሽ አላልኩም። ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ ፈጀው።

ወተቴ የበረታው ከቀብሩ በኋላ ነው። ሴቶቹ ጡቴን በመቀነት አሰሩልኝ። ጓዴም ለአምስት የመጣ ወተቷን ለአንዷ አጥብታ፣ የተረፈው እያመማት ታቃስት ነበር። ከእግሬ ሥር ትተኛለች።

ቡችላዋ ዐይኗን ስትገልጥ ሰው የሚቆጥር አልነበረም። ወጥታ ስትድህ አማቴ አዩዋት። «ከየት መጣች?» አሉኝ። «ከገበያ» አልኳቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬን እያለፉ ሰላምታ አይሰጡኝም፤ በሁለተኛው ዓመት ሲያርፉም አልጋቸው አጠገብ ቆሜ እያለሁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

ጓዴን በዓመቱ ክረምት ነብር ወሰዳት። ከአጥሩ ሥር ትንሽ ደምና የፀጉር እፍኝ አገኘን። ልጇ ቀረች። ቀይ፣ ረጅም እግር፣ እናቷን ቁርጥ። ስም አላወጣሁላትም፤ በእጄም አጉርሻት አላውቅም። ትራፊ በገል ላይ እደፋላታለሁ። ገሉን ሳይሆን እጄን ነበር የምታየው። ወዴትም ብሄድ ትከተለኛለች፤ ስትከተለኝ «ልጄን የሸጥኩልሽ» እላታለሁ፣ ጭራዋን ትቆላለች። አንዳንድ ቀን በድንጋይ መትቻታለሁ። እየሸሸች ሳይሆን እያነከሰች ትመለስ ነበር።

በሃምሳ ሰባት እንደገና አረገዝኩ። ሰባት ወር ሲሞላኝ፣ ግንቦት ላይ፣ ማንም አልመከረኝም፤ አማቴ ዐርፈዋል፣ የኔታም ታመው አልጋ ላይ ናቸው። ያሰብኩት እኔ ብቻዬን ነኝ። አንድ ቀርቷል ተብያለሁ፤ የቀረውን ዐውቃለሁ፤ ደጃፌ ተኝቷል። ዐይኗን ከገለጠች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልፏል፤ ቢዘገይም ልሙላው አልኩ።

ገመድ ያዝኩና ወደ ወንዝ ወረድኩ። መጥራት አላስፈለገኝም፤ ተከተለችኝ። ከፏፏቴው ሥር ውኃው ጠልቆ የሚቆምበት ቦታ አለ። እዚያ ተቀመጥኩ፣ ከመቀነቴ ቂጣ አወጣሁ፣ ቆርሼ በቀኝ እጄ ዘረጋሁላት። ማመን አቃታት። እጄን አየች፣ ፊቴን አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ልክ እናቷ በገበያ እንዳደረገችው፣ በከንፈሯ ጫፍ ወሰደችው። ሦስት ጊዜ አጎረስኳት። ድንጋዩን ከገመዱ፣ ገመዱን ከአንገቷ ሳስር ፍርፋሪውን ከመዳፌ ትልስ ነበር። አልታገለችኝም። የገፋኋት በዚያው በቀኝ እጄ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ልጁ መንቀሳቀስ አቆመ። ወልደአረጋይ በበቅሎ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን ወሰደኝ፤ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድረን ነው የደረስነው። ሐኪም ቤት ገብቼ የሞተ ልጅ ወለድኩ። ሴት ነበረች። አላሳዩኝም፤ አልለመንኩም።

አመተ ማርያም የምትባል ነርስ ነበረች፤ ልጅ እግር፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ። ስንት ጊዜ እንዳረገዝኩ፣ እያንዳንዱ እንዴት እንደሞተ ጠይቃ ጻፈች። የእኔንም የወልደአረጋይንም ደም ቀድተው አዲስ አበባ ላኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጄን ይዛ አስረዳችኝ።

«እትዬ ወለተሐና፣ ያንቺ ደምና የቄሱ ደም አይስማማም። ልጁ የአባቱን ደም ሲወርስ ያንቺ ደም እንደ ባዕድ ያየዋል፤ ይዋጋዋል። ቢጫ የሚሆኑት ለዚያ ነው። ሾተላይ የምትሉት ይኸው ነው።»

«ደም ነው?»

«ደም ብቻ ነው። ጥፋት የለብሽም። ማንም ጥፋት የለበትም።»

ወልደአረጋይ ከራስጌዬ ቆሞ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ በለሆሳስ፤ ጥፋት የለብሽም ያለችውን ሰምቶ ነው። ትከሻዬን ነካኝ።

«ውሻስ?» አልኳት።

«የምን ውሻ?»

«ቤት ያደረች ውሻ። የወለደች። ለዚህ ነገር… ታመጣለች ወይ? ወይም ልጆቿ ቢሞቱ፣ አንድ ቢቀር…»

ነርሷ ሳቀች። ክፋት የለባትም፤ ልታጫውተኝ ብላ ነው።

«ኧረ በማርያም! ውሻ ደግሞ ምን አደረገችሽ?»

ቀኝ እጄን ከእጇ አውጥቼ ከብርድ ልብሱ ሥር ከተትኩት።

«ምንም» አልኳት። «ምንም አላደረገችኝም።»